ከጥቁሩ ሬንጅ ሥር

አንስ-ኑዋር፣ ኬፕ ብሬተን
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2019

ውድ አንሴልም፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ይኸ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ምድጃ ውስጥ ጨምሬያቸዋለሁ። እንደ ደንቡ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ» ብዬ ነበር የጀመርኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ብዕሩ አልሄድ ይለኛል። ስለዚህ ሰላምታውን ከፋፍዬ ልስጥህ። ጤናዬ ደህና ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይነጫነጫል እንጂ ሌላ አላመመኝም። እንቅልፌ ግን ደህና አይደለም፤ እጄም ደህና አይደለም። የጀመርኩትን ምንጣፍ አነሳና ሁለት መስመር ክር አስገብቼ መልሼ እጥለዋለሁ። ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ ሻይ እጥድና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ነፋሱም አላገዘኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ ያ ስዌት የምንለው ነፋስ ከተራራው እየወረደ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት የሚውልበት ዓይነት ነው። ትናንት የጀልባ መጋዘኑን ጣራ ግማሹን አንስቶ ባሕር ውስጥ ጨመረው።

የእስር ቤቱ ሰዎች ደብዳቤዎችህን ከፍተው እንደሚያነቡ ነግረኸኛል። ያንብቡ። የሚያነበው ሰው ሚስት ካለው ይረዳኛል።

ሶላንዥ እሑድ እሑድ ከሃሊፋክስ ትደውላለች። ልጆቿ ደህና ናቸው። የትንሿ ሁለት የፊት ጥርስ ወልቋል፤ ስልክ ላይ ስታወራ የግማሹ ቃል ፉጨት ነው። ዲሴምበር 14 ልጠይቅህ እንደምመጣ ነግሬያት ነበርና አልወደደችውም።

«እማዬ፣ በዚያ ሽማግሌ ቫን፣ በበረዶ፣ ሰባት ሰዓት ልትነጂ ነው?» አለችኝ።

«ሽማግሌው እሱ ብቻ አይደለም። እኔና እሱ ተስማምተናል» አልኳት።

ሳቀችና ወሬውን ወደ ልጆቿ መለሰችው። ይህን ልማዷን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አልተስማማችም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቫኑ ልምጣ። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ፣ በኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ የበረዶ ጎማ የምትገጥምልኝ አንተ ነህ። አምና እንኳ ጋራዥህ ታሽጎ፣ ፍርድ እየጠበቅክ፣ ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስተህ ቀይረህልኛል። የእኔ ሥራ ቁልፉን መስጠትና መልሶ መቀበል ብቻ ነበር። ዘንድሮ ያ ቅዳሜ መጣና ሄደ። በማግስቱ አራቱን ጎማዎች ከመጋዘኑ አንድ በአንድ እያንከባለልኩ አውጥቼ ቫኑ ውስጥ ከተትኩ። ወደ ማን እንደምወስዳቸው ግን አላውቅም ነበር። ሌላው ጋራዥ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው ስሜን ሲሰማ ፊቱን እንዴት እንደሚያደርገው አይቻለሁ። የቀረኝ ዴልፊስ ነው።

ይህን ስታነብ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። «ዘይት ረጪው» እያልክ ስንት ዓመት ሳቅክበት። መኪና ከሥሩ እንዳይዝግ የሚረጨው ዘይት ይሸታል፣ ሳምንት ሙሉ ያንጠባጥባል፣ የሰው ግቢ ያበላሻል። የአንተ ጥቁር ሬንጅ ግን ደርቆ ያርፋል፣ ያብለጨልጫል፣ እጅ እንኳ አይነካም። ደንበኛ ሲያመነታ እኔም ከጎንህ ቆሜ ይህንኑ እደግምልህ ነበር።

ዴልፊስ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁንም በኋላው መንገድ ካለው ጎተራው አልተነቃነቀም። ቁመቱ የሚያሳፍረው ይመስል ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግርህ። ስለ ችሎቱ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። የጎማዎቹን ጎን እያየ ቆመ።

«የፕላሲድ ኤድሜ» አለኝ፤ እንደ ድሮ ሰው በአባቴ ስም ነው የሚጠራኝ፤ «እነዚህን ያመጣሻቸው ልታስገጥሚያቸው ነው ወይስ አበባ ልትተክይባቸው?»

«ምን ሆኑ? ጥርሳቸው እንዳለ ነው።»

«ጥርስማ እኔም አለኝ። ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው።» ከዚያ ጎማውን አዞረና ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ። «ይኸ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እስቲ በጥፍርሽ ተጫኚው።»

ተጫንኩት፤ አልሰረጎደም።

«ጎማ በብርድ ካልለሰለሰ በረዶ አይነክስም። በዚህ ከምትሄጂ በሰሌዳ ላይ ተቀምጠሽ ብትንሸራተቺ ይሻልሻል፤ ቢያንስ መንሸራተትሽን ታውቂዋለሽ።»

አዲስ አዘዘልኝ። ጎናቸው ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የታተመባቸው፣ ሚስማር የተተከለባቸው አራት ጎማዎች፣ ከነቸርኬያቸው። እስከዚህ ድረስ ምንም የለም። በአሮጌ ጎማ ስላስነዳኸኝ አልተቆጣሁም። ሰው ይረሳል ብዬ አለፍኩት።

«ከሥሩስ?» አለኝ ዴልፊስ። «የመንገዱ ጨው ዘንድሮ ቶሎ ይጀምራል።»

«ከሥሩ አንሴልም ቀብቶታል» አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። አሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

«ይሁን፣ ልየው» ብሎ ጉድጓዱ ላይ አቆመውና በመዶሻ ጫፍ እየነካካ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ሻሲው እንደ ብረት ይጮህ ነበር። ከግራው የኋላ ጎማ ፊት፣ ሞላው ከሻሲው የሚያያዝበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ዱባ እንደመምታት ሆነ። ደግሞ ሞከረው። ከዚያ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ኤድሜ፣ ቤት ግቢና ሻይ ጣጂ። ስኳሩ መደርደሪያው ላይ ነው።»

«ሻይ አላማረኝም።»

«እኔን አምሮኛል።»

«ዴልፊስ፣ ምን አየህ?»

አልሄድ ስለው ካቻቪቴውን አነሳና ሬንጁ ላይ አሳረፈው። አልገፋውም፣ አልመታውም፣ እጁን ብቻ ጫነበት። እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ወደ ጎን ሲያነሳው የሳህን ያህል የሚሆን ጥቁር ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ፤ ጀርባው ላይ ዝገቱ እንደ ኬክ ድርብርብ ሆኖ ተጣብቋል። ሻሲው ክፍት ነበር። ውስጡን ያ የመስኮት ክፍተት የምንሞላበት ቢጫ አረፋ ደፍኖታል። ዴልፊስ አረፋውን በጣቱ ሲፍቀው ከሥሩ ጨርቅ ወጣ። ሳበው።

አንሴልም፣ ያ ቀይና ቡናማ መስመር ያለው ፍላኔል የመኝታ ልብስህ ነው። እጅጌው ሲቀደድ እኔ ነኝ ቆራርጬ ለጋራዥ የሰጠሁህ። የወጣው ቁራጭ ላይ ቁልፍ አለበት። አረንጓዴ ቁልፍ። የልብሱ ቁልፎች ሁሉ ነጭ ነበሩ፤ አንዱ ጠፍቶ እኔው ከአሮጌ ሹራቤ ነቅዬ የተከልኩልህ ነው። «የገና ዛፍ አስመሰልሽኝ» ብለኸኝ ነበር።

ከደብዳቤው ተነስቼ ነበር። ነፋሱ በሩን ከፈተና የምድጃውን አመድ ቤት ውስጥ በተነው። ጠርጌ ተመለስኩ። መጥረጉ ለቅጽበት አሳርፎኛል።

ችሎቱን አስታውስ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ያ ባለሙያ የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያሳይ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሬንጅ፣ ከሬንጁ ሥር አረፋ፣ ከአረፋው ሥር ጨርቅ። አንተም ተነስተህ «ከእኔ በፊት የተሠራ ነው፣ ከሥሩ ያለውን አላየሁም፣ አይቼ ቢሆን ቦሎ አልለጥፍበትም ነበር» አልክ። አመንኩህ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሶላንዥም አመነችህ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላው ጥግ ሲሻገር አንገቴን ቀና አድርጌ ያለፍኩት ስላመንኩህ ነው። ለሃያ ዓመት መዘምራን ውስጥ ከጎኔ የቆመችውን ክሎቲልድን፣ ያን ቫን እየነዳች አሮጊቶችን ክሊኒክ የምታመላልሰውን ጓደኛዬን፣ እግሯን ከጉልበቷ በታች ካጣች በኋላ አንዲት ቀን እንኳ ሄጄ ያልጠየቅኳት ስላመንኩህ ነው።

ያን ቀን ዴልፊስ ጎተራ ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ጠበቃ ሆንኩልህ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ለጊዜው ደፍኖት በኋላ ሊበይደው አስቦ ነው አልኩ። ደግሞ አምና በጋ ትዝ አለኝ። የሶላንዥን ልጆች ወደ ባሕር ዳር ስንወስድ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለህ «እኔ ልንዳ» ትል ነበር። በዋናው መንገድ አትሄድም፤ በአሮጌው የጠጠር መንገድ፣ እንደ ቀብር ሰልፍ። ልጆቹ «አያታችን መንዳት ረሳ» እያሉ ሲስቁብህ እኔ ክሱ ልብህን ሰብሮት ነው ብዬ አዝንልህ ነበር። ለካ ከሥራችን ያለውን ታውቅ ኖሯል። አውቀህ ቀስ ብለህ ነዳህ እንጂ አላቆምከውም። ይህን እንዴት ተሸክመህ ትውል እንደነበር አንዳንዴ አስብና አዝንልሃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የሁለቱ ልጆች ፀጉር በነፋሱ ሲበተን ይታየኛል፤ ያን ጊዜ አላዝንልህም።

ዴልፊስ ሻይውን ራሱ አፍልቶ አመጣልኝ።

«ኤድሜ፣ ባልሽ ክፉ ሰው አይደለም» አለኝ።

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

«እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። እኔ ጋ መጥተው 'ይኸ መኪና አይሆንም' ስላቸው አኩርፈው ይሄዳሉ። ማታውኑ በአንሴልም ቦሎ ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ ጥሩምባ እየነፉልኝ።»

«ለምን ለማንም አልተናገርክም?»

ዴልፊስ ብርጭቆውን አዟዟረ። «ምቀኛ ይሉኛላ» አለ። «ደግሞም ነበርኩ።»

የዛገውን ሁሉ ቆርጦ ሁለት ወፍራም ላሜራ በየደበት፣ ከግራም ከቀኝም። አምስት ቀን ፈጀበት። እኔ እነዚያን ቀናት በእግሬ ነበርኩ፤ ፖስታ ቤት በእግሬ፣ ሱቅ በእግሬ፣ ሳያስፈልገኝ ሁሉ ወደ ወደቡ ወርጄ ተመለስኩ። ቤት ስሆን ግድግዳው ይጠበኛል። ጠበቃህ የሰጠኝ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በፌብሩዋሪ የአመክሮ ጉዳይህን ለሚያየው ቦርድ፣ ሐቀኛ ሰው መሆንህን በሚስትነቴ እንድመሰክር። የስኳር ዕቃውን ጫንኩበት። ከዚያ የስኳር ዕቃውን ባየሁ ቁጥር ቅጹ ሆኖ ታየኝ።

ባለፈው ሐሙስ ቫኑን ልወስድ ሄድኩ። ዴልፊስ ዘይቱን ረጭቶ ጨርሶ ነበር፤ በበሮቹ ሆድ ውስጥ፣ በደፎቹ ውስጥ፣ ሻሲው ውስጥ በቀዳዳ በቀዳዳው። ከሥሩ አንጥፎለት የነበረው ካርቶን ጠቁሯል። እንዴት እንደሚሸት ልነግርህ አልችልም።

«አሁን አስፋልቱን ትተሽ በኋላው መንገድ ሂጂ» አለኝ። «ዛሬ አቧራ አለ፤ ነገ ይቀዘቅዛል። አቧራው ዘይቱ ላይ ይለጠፍና ጥሩ ልብስ ይሆነዋል። አታጥቢው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ቁልፍ ይዘሽ ውረጂና የጎማዎቹን ዳዶ አጥብቂ። አዲስ ጎማ ላይ ይላላል።»

«እኔ ራሴ?»

«እና ማን?»

በኋላው መንገድ ሄድኩ። አቧራው ከኋላዬ እንደ ጭስ ይነሳል፣ ሚስማሮቹ ጠጠሩን ሲነክሱት ይሰማኛል። ወደ ቤት የሚያዞረው መገንጠያ ጋ ስደርስ ማዞር ነበረብኝ፤ እጄ ግን አላዞረም። ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ያ ቁልቁለት ጋ ደረስኩ፤ የሞላው ማያያዣ ተገንጥሎ ክሎቲልድ ቦይ ውስጥ የገባችበት ኩርባ። መጀመሪያው በረዶ እዚያ ላይ መጣል ጀመረ። ቀስ ብዬ ወረድኩና ከታች ያለው ቤቷ በር ላይ አቆምኩ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ በክራንቿ ተደግፋ። ከሃያ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

«መኪናሽ ይሸታል» አለችኝ።

«ዴልፊስ ዘይት ረጭቶት ነው።»

«ዴልፊስ? አንሴልም ይህን ቢሰማ…» አለችና ራሷ አቋረጠችው። ከዚያ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን። የዶሮ ሾርባዋ፣ ያ ፍሪኮዋ፣ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ጨርቁን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ፈታሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከየት እንደወጣ ነገርኳት። አረንጓዴውን ቁልፍ በጣቷ ነካችው።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ከኋላ ይንኳኳ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ሬዲዮኑን ከፍ አደርግበት ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «ኤድሜ፣ ያን ቫን ወደ ባልሽ የምንወስደው ለምን ይመስልሻል? ቄሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሌላ ቦታ ይወድቃል፤ አንሴልም ጋ ያልፋል። የዚህ አገር ግማሹ መኪና በእሱ እሺታ ነው የሚሄደው። አሁን ሁሉም ንጹሕ ሆነ።»

«እንግዲያ አትጠዪውም?»

«እጠላዋለሁ እንጂ። ግን በዚያ አይደለም። 'አላየሁም' ባለው ነው። እሱ ካላየ፣ መኪናው ደህና ነበር ማለት ነው። መኪናው ደህና ከነበረ፣ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። ተፈርዶበትም ግማሹ ሰው የሚያምነው እሱን ነው። ሱቅ ስገባ 'ቀስ ብለሽ፣ ክሎቲልድ' ይሉኛል። በክራንች እየሄድኩ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለታችንም አውቀነዋል። ችሎት ላይ ጠበቃህ ስለ ክሎቲልድ አነዳድ ሲጠይቀኝ «ሁልጊዜ ቸኩላ ነው የምትነዳው» ያልኩት እኔ ነኝ። ክሎቲልድ፣ ከኋላዋ ዐሥር መኪና አሰልፋ የምትሄደው ክሎቲልድ። አንተና እኔ «ከፊታችን ክሎቲልድ ካለች ምሳ ይዘን እንውጣ» እያልን የምንስቅባት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ነበር።»

«ውሸት ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። ያላወቅኩት፣ አንቺ ራስሽ ማወቅ አለማወቅሽን ነው።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ፍሪኮውን በሁለት ሳህን ቀዳች። ጨው አንሶት ነበር፤ እንደ ድሮው ነግሬያት እንደ ድሮው ተቆጣችኝ።

አንሴልም፣ አሁን የማልወደውን ልጻፍልህ። ያን ጨርቅ የሰጠሁህ ቀን መጥተህ «ወፍራም ነገር ስጪኝ» ነበር ያልከኝ። እጅ መጥረጊያ ወፍራም አይሆንም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የመካኒክ ሚስት ነኝ፤ እጅ በምን እንደሚጠረግ አውቃለሁ። አረፋው ጣሳ ደግሞ መደርደሪያህ ላይ ተደርድሮ አይቼዋለሁ፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ መስኮት የለም። ለምን አልጠየቅኩህም ብዬ ራሴን ስጠይቅ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ። አሁንም ከመስኮቱ ነው የተመለስኩት።

ሰኞ ለጠበቃህ ደውዬ ቅጹን እንደማልሞላ ነገርኩት። ተቆጣ። እንኳን ተቆጣ። ትናንት ደግሞ በስዌቱ ውስጥ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ለፍርድ ቤቱ የጻፍኩትን ላክሁ። ስለ ክሎቲልድ አነዳድ በመሐላ የተናገርኩት ሐሰት መሆኑን፣ ማንም ሳያስገድደኝ እንደተናገርኩት። ስለ አንተ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ስለ ጨርቁም አልጻፍኩም። የራሴን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ምን እንደሚያመጣብኝ አላውቅም። ለሶላንዥ እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ ቤት ሳድር፣ ልጆቹ ሲተኙ እነግራታለሁ።

ሶላንዥ ቤት የማድረው ዓርብ ዲሴምበር 13 ነው። ያን ቀን ክሎቲልድ ሃሊፋክስ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ ሰው ሠራሽ እግሯን ሊለኩላት ነው፤ እስከ እሑድ እዚያው ያቆዩዋታል። «ማን ይወስድሻል?» አልኳት በር ላይ ስንሰነባበት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ በረዶው ውስጥ የቆመውን ቫን ብዙ አየችው።

«የበየደው ዴልፊስ ነው?» አለችኝ።

«ዴልፊስ ነው።»

«አንቺም አይተሽዋል? በዓይንሽ?»

«ጎተራው ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። በመዶሻ መትቼዋለሁ። ይጮሃል።»

«እንግዲያ ከፊት ነው የምቀመጠው» አለች። ከዚያ አደጋ ወዲህ ቫን ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ስለዚህ መንገዴ እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት ከክሎቲልድ ጋር እንነሳለን። ከኋላ አሸዋ፣ አካፋ፣ ብርድ ልብስና ሻማ ጭኛለሁ። ከድልድዩ ማዶ ቆሜ ዳዶዎቹን እኔው አጠብቃለሁ። እሷን ሆስፒታል አድርሼ ሶላንዥ ጋ አድራለሁ፤ ቅዳሜ የቀረውን ሁለት ሰዓት ነድቼ ከቀትር በኋላ አንተ ጋ እደርሳለሁ። የሱፍ ካልሲ ሠርቼልሃለሁ፤ አይገባም ካሉኝ እግሬ ላይ አድርጌው ገብቼ እንድታየው አደርጋለሁ። ቀዝቃዛ እግርህን እያሰብኩ ነው የሠራሁት፤ አልጋው ያለዚያ እግር አይሞቅልኝም፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ችሎት ላይ ያልኩትንና ያላልኩትን፣ ጨርቁን ስሰጥህ ያልጠየቅኩህን ሁሉ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እነግርሃለሁ። አታቋርጠኝ። መንገዱ እንዴት ነበር፣ ጎማው እንዴት ነው አትበለኝ። ስጨርስ ተራው ያንተ ነው። ለቦርዱ፣ ለጠበቃህ ምን እንደምትል አልጠይቅህም። ለእኔ ንገረኝ። አይቼዋለሁ፣ አውቅ ነበር ብትለኝ ተነስቼ አልሄድም። ይህን አስቀድመህ እንድታውቀው ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

እሑድ ስመለስ ክሎቲልድን ከሆስፒታሉ እወስዳታለሁ። አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከጎኔ ትቀመጣለች። የምታውቃት ሴት ናት፣ ከተማው ሳያልቅ መጠየቅ ትጀምራለች። «ምን አለ?» ትለኛለች። እኔ ከእንግዲህ እሷን መዋሸት አልችልም፤ የምነግራትን የምትሰጠኝ አንተ ነህ።

እስከዚያ ያ ቤት ብርዱን ያቅልልህ፤ በውስጡ ያሉትም ደግ ፊት ያሳዩህ። እግዚአብሔር ጉሮሮህን ይክፈትልህ። እኔንም መንገድ ላይ ይያዘኝ።

ሚስትህ
ኤድሜ